የማዕድ ትራፊ ቆሼ ሳይደርስ ለዶሮ ስለ ማዋል

ክርስቶስ አምስት ሺሑን ሕዝብ በአምስት እንጀራና በሁለት ዓሣ ካጠገበ በኋላ ደቀ መዛሙርቱን ያዘዛቸው የተረፈው ፍርፋሪ እንዳይጠፋ እንዲሰበስቡት ነበር፤ እነርሱም በሰበሰቡ ጊዜ ዐሥራ ሁለት መሶብ ሞላ። ጥቂቱን እንጀራ ለብዙ ሕዝብ ለማብቃት ኀይል ያለው ጌታ ፍርፋሪ የሚያስለቅምበት ምክንያት ምንድን ነው ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ ሩቅ አይደለም፤ መትረፍ ለማባከን ፈቃድ አለመሆኑን ለማስተማር ነው። ይህ ወንጌል በየአብያተ ክርስቲያናቱ የሚነበብባት፣ የሚተረጐምባትና የሚሰማባት አዲስ አበባ ግን ከማዕዷ የተረፈውን የምታኖረው በመሶብ አይደለም። ከቆርቆሮ፣ ከላስቲክ፣ ከተሰበረ ጠርሙስና ካለቀ የባትሪ ድንጋይ ጋር ደባልቃ ወደ ቆሼ ስትጥለው ከ50 ዓመት በላይ ኖራለች።

ቆሼ በከተማይቱ ምዕራብ፣ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፣ ረጲ በሚባለው ስፍራ ይገኛል፤ ስሙንም ያገኘው ከሚጣልበት ቆሻሻ ነው። ከ1956 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ጥራጊ የፈሰሰበት ይህ መሬት 36 ሄክታር ያህል ይሰፋል። በተመረጠበት ዘመን ከከተማ የራቀ ሜዳ ነበር፤ ነገር ግን ከተማው እየሰፋ ሄዶ ከበበው፤ ክምሩም በበኩሉ እንደ ተራራ ከፍ እያለ ሄደ። በግርጌው ድሆች ጎጆ ቀለሱበት፤ ከጥራጊው ውስጥ ብረት፣ ላስቲክና ጠርሙስ እየለቀሙ በመሸጥ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉም ብዙዎች ሆኑ።

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቅዳሜ ማታ፣ ሕዝበ ክርስቲያኑ በዐቢይ ጾም ላይ ሳለ፣ ያ ክምር ተንዶ በግርጌው የነበሩትን ቤቶች ዋጠ። ከ110 የማያንሱ ነፍሳት ጠፉ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ፤ ቄሱም ሼኹም ለሞቱት ጸለዩ። ከዚያ ቀን ወዲህ ቆሼ የሚለው ስም የስፍራ ስም ብቻ መሆኑ ቀርቶ፣ አንድ ከተማ ከደጁ አርቆ የጣለው ነገር ከቶ እንደማይርቅ የሚያስታውስ ምስክር ሆኗል።

መንግሥትና የከተማው አስተዳደር ነገሩን ለማቃናት ያልሞከሩበት ጊዜ አልነበረም። ከአደጋው አስቀድሞ በ2008 ዓ.ም. በሰንዳፋ አዲስ የቆሻሻ ማስወገጃ ተከፍቶ ነበር፤ ነገር ግን የአካባቢው ገበሬዎች ስለ ሽታውና ስለ ውሃቸው መበከል አቤት ብለው ስለ ተቃወሙ በዚያው ዓመት ክረምት ሥራው ቆመ፤ ጥራጊውም ተመልሶ ወደ ቆሼ መጣ። ከአደጋው በኋላ ደግሞ ነሐሴ 13 ቀን 2010 ዓ.ም. ጥራጊ አቃጥሎ የኤሌክትሪክ ኀይል የሚያመነጭ ፋብሪካ በዚያው በረጲ ተመረቀ፤ በቀን እስከ 1,400 ቶን ጥራጊ እንዲቀበልም ታስቦ የተሠራ ነው። ሁለቱም አሳቦች በጎ ናቸው። ይሁን እንጂ አንደኛው ጥራጊውን ከስፍራ ወደ ስፍራ የሚያዛውር፣ ሁለተኛውም በመጨረሻው ደጅ ላይ የሚጠብቅ ነው፤ ጥራጊው ከየቤቱ በሚነሣበት ጊዜ ምን እንደሆነ የሚጠይቅ ሦስተኛ አሳብ ገና ሙሉ ሥራ አላገኘም።

ጥራጊው ምንድን ነው? ከአዲስ አበባ ቤቶች ከሚወጣው ከግማሽ የሚበልጠው የሚበሰብስ ነገር ነው፤ ይኸውም የእንጀራና የዳቦ ቁራሽ፣ የጎመንና የድንች ልጣጭ፣ የፍራፍሬ ቅርፊት፣ ከሆቴልና ከትምህርት ቤት ወጥ ቤት የሚደፋ ወጥ ነው። ይህ ነገር ከክብደቱ ከ100 እጅ 70 ወይም 80 የሚሆነው ውሃ ነው። እርጥብ እንጨት ለማንደድ የምትታገል ባልቴት የምታውቀውን ነገር የፋብሪካ መሐንዲስም ያውቀዋል፤ እርጥብ ጥራጊ እሳቱን ያደክማል እንጂ ኀይል አይሰጥም። ተቀብሮ ቢቀመጥ ደግሞ በስብሶ የሚቀጣጠል ጋዝና የሚመርዝ ፈሳሽ ያወጣል። እንግዲህ ይህ የማዕድ ትራፊ ለፋብሪካው ሸክም፣ ለክምሩ መርዝ፣ ለአካባቢው ሕዝብ ጢስና ሽታ ነው።

ወዲያውም ይኸው ከተማ በሌላ በኩል መኖ አጥቶ ይቸገራል። ዶሮ አርቢ ከሚያወጣው ወጪ ከ100 እጅ 60 እስከ 70 የሚሆነው ለመኖ የሚከፈል ነው። በቆሎውና አኩሪ አተሩ ሰውም የሚፈልጋቸው እህሎች ስለ ሆኑ በተወደዱ ቍጥር ዕንቁላሉም አብሮ ይወደዳል። በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የሌማት ትሩፋት ሥራ ወተት፣ ዶሮ፣ ዕንቁላል፣ ማርና ዓሣ በየቤቱ ገበታ እንዲደርስ የታሰበ ነው፤ ነገር ግን ጫጩት ማደል ቀላል ሲሆን ጫጩቷን መመገብ ከባድ እንደ ሆነ የተቀበሉት ሁሉ ያውቁታል። በ2011 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች ከሆኑት የኢትዮጵያ ሕፃናት ከ100ው 37ቱ በምግብ ጉድለት ቁመታቸው የቀጨጨ ሆኖ ተገኝቷል። ለእንደዚህ ያለ ሕፃን በቀን አንድ ዕንቁላል መድኃኒት ነው።

ትራፊን ለዶሮ መስጠት በዚህ አገር አዲስ ጥበብ አይደለም። በገጠር ዶሮ የምትኖረው በአውድማ እህል፣ በጓሮ ትልና ከገበታ በሚራገፍ ፍርፋሪ ነው፤ የጠላና የአረቄ አተላ ለከብት፣ ፉርሽካና ፋጉሎ ለሚቀለብ እንስሳ መሆኑን የማያውቅ የለም። የአገር ዶሮ እንዲህ እየለቀመች በዓመት 40 ወይም 60 ዕንቁላል ትጥላለች። ከውጭ አገር የመጣችው ዕንቁላል ጣይ ዶሮ ግን በሚገባ ከተመገበች 300 ገደማ ስለምትጥል በፍርፋሪ ብቻ አትኖርም፤ መኖዋ በመጠን የተሰፈረ መሆን አለበት። ስለዚህ የአባቶች ልማድ መልካም ቢሆንም ለከተማ ሲሆን ዕውቀትና ሥርዓት ይጨመርበት ዘንድ ግድ ነው።

ሥርዓት በሌለበት ስፍራ ምን እንደሚመጣ ለመረዳት ዶሮን በጥራጊ ክምር ላይ መልቀቅ ምን እንደሆነ ማስተዋል ይበቃል። ዶሮ ስትለቅም ምግቡን ከአፈሩ አትለይም፤ ከጥሬው ጋር አፈርም አመድም ትውጣለች። ላስቲክ በሜዳ ሲቃጠል ዳዮክሲን የሚባል መርዝ ይወጣል፤ ይህም በአመዱና በአፈሩ ላይ ያርፍና በዶሮዋ ስብ ውስጥ ይከማቻል፤ ከዚያም ወደ ዕንቁላሉ አስኳል ያልፋል። ከባትሪና ከቀለም የሚወጣው እርሳስም እንደዚሁ ወደ ዕንቁላል ይገባል፤ የሕፃንንም አእምሮ ይጎዳል። በጎረቤት አገር በኬንያ፣ በናይሮቢ ከተማ ዳንዶራ በሚባለው የጥራጊ ሜዳ አጠገብ ተለቅመው የሚበሉ ዶሮዎች የጣሉት ዕንቁላል በአውሮፓ አቆጣጠር በ2005 ተመርምሮ ዳዮክሲኑ የአውሮፓ ማኅበር ከወሰነው ልክ በብዙ በልጦ ተገኝቷል። በቆሼ ጥግ የምትለቀቅ ዶሮም ከዚህ የተለየ ነገር አትለቅምም።

በወንጌል አባት ልጁ ዕንቁላል ቢለምነው ጊንጥ ይሰጠዋልን የሚል ጥያቄ አለ። ማንም አባት እያወቀ እንዲህ አያደርግም። ነገር ግን ከክምር ላይ ያደገች ዶሮ የጣለችው ዕንቁላል ቅርፊቱ ነጭ፣ አስኳሉ ቢጫ ሆኖ ከሌላው ሳይለይ ገበያ ሲወጣ፣ አባት ሳያውቅ በዕንቁላል ውስጥ ጊንጥ ለልጁ ይገዛል ማለት ነው። ይህም የአባቱ ጥፋት አይደለም፤ ትራፊው ከመርዝ ጋር እንዲደባለቅ የፈቀደው ሥርዓት ጥፋት ነው።

የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ያለው እዚህ ላይ ነው። ከትራፊ የሚመጣ ጉዳት ሁለት ዓይነት ነውና። አንደኛው የበሽታ ተሐዋስያን ናቸው፤ እነዚህን እሳት ይገድላቸዋል። ሁለተኛው እርሳስ፣ ዳዮክሲንና ይህን የመሰለ መርዝ ነው፤ ይህን ግን የወጥ ቤት እሳት አያጠፋውም፤ ዕንቁላሉን መቀቀልም ሆነ መጥበስ አያነጻውም። ስለዚህ ከወጥ ቤት ንጹሕ ሆኖ የወጣ ትራፊ በእሳትና በጥንቃቄ መኖ ሊሆን ይችላል፤ አንድ ጊዜ ከቆሼ ጥራጊ ጋር የተደባለቀ ግን በምንም ብልሃት ተመልሶ መኖ አይሆንም። በወጥ ቤቱ ደጅና በክምሩ መካከል ያለው መንገድ፣ ሀብት ወደ መርዝነት የሚለወጥበት መንገድ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለውም ለእንደዚህ ያለው ነገር ነው።

የሌሎች አገሮች ታሪክም ይህንኑ ያስረዳል። በእንግሊዝ አገር በአውሮፓ አቆጣጠር በ2001 ሳይቀቀል ለአሳማ ከተሰጠ የምግብ ትራፊ ተነሣ የተባለ የአፍና የእግር ደዌ አገሩን ሁሉ አዳርሶ ከ6 ሚሊዮን በላይ እንስሳት ታረዱ፤ ከዚያም የተነሣ በመጀመሪያ እንግሊዝ፣ ቀጥሎም የአውሮፓ ማኅበር ከወጥ ቤት የሚወጣ ትራፊ ለእርባታ እንስሳ እንዳይሰጥ ከለከሉ። በዚያው በ2001 ግን ጃፓን በሌላ መንገድ ሄደች፤ የምግብ ትራፊ ተለይቶ፣ በእሳት ታክሞ፣ በቁጥጥር ሥር መኖ እንዲሆን የሚያዝ ሕግ በሥራ ላይ አዋለች። ደቡብ ኮሪያም በ2005 የምግብ ትራፊ ወደ ጥራጊ ሜዳ እንዳይጣል ከልክላ አብዛኛውን ለመኖ፣ ለማዳበሪያና ለጋዝ ታውለዋለች። የከለከሉትም የፈቀዱትም በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ያልተለየና ያልተቀቀለ ትራፊ ለእንስሳ አይሰጥም።

ለካህናትና ለሹማምንት ይበልጥ የሚቀርበው ምሳሌ ግን የግብፅ ነው። በካይሮ ከተማ በሙቀጠም ተራራ ሥር የሚኖሩ፣ አብዛኞቹም የቅብጥ ክርስቲያኖች የሆኑ ጥራጊ ሰብሳቢዎች ከየቤቱ የሚያነሡትን የምግብ ትራፊ ለአሳማዎቻቸው ይሰጡ ነበር። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2009 በሰው ላይ የወረደውን የጉንፋን ወረርሽኝ ፈርቶ መንግሥት 300,000 ያህል አሳማዎች እንዲታረዱ አዘዘ። ከዚያ በኋላ ሰብሳቢዎቹ ትራፊውን የሚያነሡበት ጥቅም ስለ ጠፋ፣ በካይሮ መንገዶች ላይ የበሰበሰ ምግብ ተከመረ። በሌላ እምነትና ልማድ ያሉት ወገኖች ስለ አሳማ ያላቸው አሳብ ምንም ይሁን፣ ለአስተዳደር የሚሆነው ትምህርት ግልጽ ነው፤ ትራፊን የሚያነሣ ድሀ ጥቅም ካላገኘበት፣ ትእዛዝ ብቻውን ከተማ አያጠራም።

እንግዲህ ለዶሮ የሚሆነውና የማይሆነው ትራፊ የትኛው እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል። ከሁሉ የተሻለው የእንጀራና የዳቦ ቁራሽ ነው፤ ከዳቦ መጋገሪያ ሳይሸጥ የቀረው፣ ከእህል ወፍጮ የሚወጣው፣ ከቢራ ፋብሪካ የሚተርፈው የብቅል አሠርም እንዲሁ ነው። ጎመንና ካሮት ደግም ይስማማታል። የማይሆኑት ግን ብዙ ናቸው። የአቮካዶ ልጣጭና ፍሬ ወፎችን የሚገድል መርዝ አለው፤ የጭማቂ ቤት ጥራጊ ሁሉ ስለዚህ ሳይመረመር አይሰጥም። የቡና አተላ፣ የአረንጓዴ ድንች ልጣጭ፣ ብዛት ያለው የሽንኩርት ጥራጊ ይጎዷታል። ጨው የበዛበት ወጥ ዶሮዋን በጥማት ያሰቃያታል፤ ኩሷን ያረጥበዋል፤ የዕንቁላሉንም ቅርፊት ያሳሳዋል። የሻገተ እንጀራና ዳቦ አፍላቶክሲን የሚባለውን መርዝ ሊይዝ ስለሚችል፣ ለሰው ያልሆነው ሻጋታ ለዶሮ ይሆናል ብሎ መስጠት ስሕተት ነው። ሥጋ፣ በተለይም የዶሮ ሥጋና አጥንት፣ ፈንግልንና ሌላውንም የዶሮ ደዌ ወደ ጋጣው ሊያገባ ስለሚችል ከቶ መግባት የለበትም።

ስለ መቀቀልም አንድ ነገር ሊዘነጋ አይገባም። በአሜሪካ ሕግ ለአሳማ የሚሰጥ ትራፊ በ100 ዲግሪ ሙቀት 30 ደቂቃ መቀቀል አለበት። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለ ተቀመጠች ውሃ የሚፈላባት በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ በሌላ አገር የተጻፈ ደንብ እንዲሁ ቢገለበጥ እሳቱ ሳይበቃ ሊቀር ይችላል፤ የመቀቀያው ጊዜ በባለሙያ ተመርምሮ ለደጋው አገር እንዲስማማ መርዘም ይኖርበታል። እንጀራና ዳቦ ግን ሳይሻግት በቶሎ በፀሐይ ቢደርቅ ለብዙ ጊዜ ይቀመጣል፤ ድርቆሽ ማድረግን የማታውቅ የኢትዮጵያ እመቤት የለችምና ለዚህ ከውጭ አገር መምህር ማስመጣት አያስፈልግም።

ልኩን ለማሳየት አንድ ስሌት ይበቃል። በቀን 50 ኪሎ እርጥብ ትራፊ የሚወጣው አንድ ወጥ ቤት ቢኖር፣ ውሃው ሲለቅ 10 ኪሎ ያህል ደረቅ ነገር ይቀራል። አንዲት ዕንቁላል ጣይ ዶሮ በቀን 115 ግራም ያህል መኖ ትበላለች። ትራፊው ከመኖዋ ሲሶውን ብቻ ቢተካ፣ ያ 10 ኪሎ ከ250 ለሚበልጡ ዶሮዎች ይደርሳል። ከሲሶ በላይ እንዲሆን መመኘት ግን አይገባም፤ እንጀራና ዳቦ ጉልበት እንጂ ሥጋ ገንቢውን ፕሮቲን በበቂ አይሰጡምና። የዕንቁላል ጣይ መኖ ከ100 እጅ 16 እስከ 18 ፕሮቲን ሊኖረው ስለሚገባ የኑግ ፋጉሎና አኩሪ አተር ይጨመርበታል። ለቅርፊቱም ካልሲየም ያስፈልጋል፤ አንድ ዕንቁላል ብቻ 2 ግራም ያህል ካልሲየም ይወስዳልና የኖራ ድንጋይ ዱቄት፣ ወይም ከሆቴል ተሰብስቦ በእሳት ደርቆ የተፈጨ የዕንቁላል ቅርፊት ይገባበታል።

ለዶሮ በቀጥታ ለማይሰጠው እርጥብ ትራፊ ደግሞ ሌላ መንገድ ተገኝቷል። ጥቁር ወታደር የምትባለው ዝንብ እጭ የወጥ ቤትን ትራፊ በልቶ በጥቂት ቀን ይወፍራል፤ እጩም ደርቆ ፕሮቲኑ የበዛ የዶሮ መኖ ይሆናል። የአውሮፓ ማኅበር በ2021 ከነፍሳት የተሠራ ፕሮቲን ለዶሮ እንዲሰጥ ፈቅዷል፤ በናይሮቢ የሚገኘው የነፍሳት ምርምር ተቋም ኢሲፔም በዚህ ጥበብ ብዙ ደክሟል። ነገር ግን ይህ እጭ ካድሚየምን የመሰለውን ከባድ ብረት ከሚበላው ነገር ወደ ሰውነቱ ይሰበስባል፤ ስለዚህ እርሱም የቆሼን ድብልቅ ሊያነጻ አይችልም። ጥበቡ ቢለያይም ሕጉ አንድ ነው፤ መለየት ከሁሉ ይቀድማል።

እዚህ ላይ ከባድ ጥያቄ ይነሣል። በአዲስ አበባ ከሆቴልና ከምግብ ቤት የተረፈው ምግብ ቡሌ ተብሎ ለድሆች ይሸጣል፤ ብዙ ሰዎችም በእርሱ ይኖራሉ። አልዓዛር ከባለጸጋው ማዕድ የሚወድቀውን ይመኝ እንደ ነበረ ሁሉ፣ ዛሬም ከፍርፋሪው ሥር የሚቀመጥ ሰው አለ። የሰውን ጉርሻ ነጥቆ ለዶሮ የሚሰጥ ሥርዓት ቢሠራ በእግዚአብሔር ዘንድም በሰው ዘንድም የተጠላ ይሆናል። ስለዚህ ተራው የታወቀ ይሁን፤ ያልተነካና ለሰው የሚሆን ምግብ በንጹሕ ዕቃ፣ ሳይቀዘቅዝና ሳይበላሽ፣ በክብር ለሰው ይሰጥ፤ ለሰው የማይሆነው ለእንስሳ ይሁን፤ ለእንስሳ የማይሆነው ብስባሽ ሆኖ ለአፈር ይመለስ፤ ለአፈርም የማይሆነው ብቻ ወደ ጥራጊ ሜዳ ወይም ወደ ፋብሪካው ይሂድ። ድሀ የሚበላውና ዶሮ የምትበላው ከአንድ በርሜል የሚወጣ ከሆነ ግን ከተማው ሁለቱንም በድሏል።

ሕግ የለም ተብሎ ምክንያት ሊሰጥ አይችልም። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 እያንዳንዱ ቤተሰብ እንደገና ለሥራ የሚውለውን ከሚጣለው ለይቶ እንዲያስቀምጥ አዝዞ ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ስስ የላስቲክ ከረጢትን የሚከለክል አዲስ አዋጅ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጸድቋል። የመኖውን ጥራት የሚቈጣጠር አዋጅም በ2004 ዓ.ም. ወጥቷል። የጎደለው በአዋጁና በወጥ ቤቱ ደጅ መካከል ያለው ሥራ ነው። አንዲት ሴት በቤቷ ውስጥ እንጀራውን ከላስቲኩ ለይታ ብታስቀምጥና ሰብሳቢው መጥቶ ሁለቱን በአንድ ጋሪ ቢደባልቀው፣ በሚቀጥለው ቀን መለየቷን ትተዋለች፤ ብትተውም ልትወቀስ አይገባትም። ስለዚህ ትእዛዙ ከቤተሰቡ ሳይሆን ከጋሪው ይጀምር።

ሥራውም ከትንሹ ሳይሆን ከሚቀለው ቢጀመር ይሻላል። ከመቶ ሺህ ቤቶች ጥቂት ጥቂት ከመልቀም፣ ብዙ ትራፊ ከአንድ ስፍራ የሚወጣባቸውን ሆቴሎች፣ ዳቦ መጋገሪያዎች፣ የተማሪ መመገቢያዎች፣ የሆስፒታልና የጦር ሠራዊት ወጥ ቤቶች ማስቀደም ይገባል። ለእነዚህ ክዳን ያለው የተለየ በርሜል ይሰጣቸው፤ ትራፊውም በዕለቱ ይነሣ። የማንሣቱና የማድረቁ ሥራ በቆሼና በየሰፈሩ በጥራጊ ለሚተዳደሩት ሰዎችና ለጽዳት ማኅበራት በውል ይሰጥ፤ በክምር ላይ ከሚያቃጥሉት ዘመን ይልቅ በንጹሕ አዳራሽ ውስጥ የተሻለ እንጀራ ያገኙበታልና። የመኖ ተቈጣጣሪው መሥሪያ ቤት የትኛው ትራፊ እንደሚፈቀድ፣ እንዴት እንደሚቀቀልና እንዴት እንደሚመረመር በግልጽ ደንብ ያውጣ። በጥራጊ ሜዳ ላይና በዙሪያው ዶሮ መልቀቅም ይከልከል፤ ነገር ግን ከልክሎ መሄድ ብቻ ሳይሆን፣ ለዚያ ድሀ ጋጣና ንጹሕ መኖ የሚያገኝበት መንገድ ይመልከትለት።

ለካህናትም በዚህ ሥራ ውስጥ ማንም የማይተካው ድርሻ አላቸው። ከተዝካር፣ ከሰንበቴ፣ ከማኅበርና ከሠርግ የሚተርፈው ምግብ ብዙ ነው፤ ነዳያን ከጠገቡ በኋላ የቀረው ከላስቲክ ሳህንና ከጠርሙስ ጋር ተደባልቆ እንዳይጣል አንድ የንስሐ አባት የሚናገረው ቃል ከብዙ ማስታወቂያ ይበልጣል። የጾሙ ወራት ደግሞ ለዚህ ሥራ መጀመሪያ እጅግ የተመቸ ነው። በ55ቱ የዐቢይ ጾም ቀኖች በጾመኛው ቤት የሚተርፈው ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመንና እንጀራ ስለ ሆነ፣ ከሥጋ የሚመጣ ደዌ ፍርሃቱ ያነሰ ነው። የፋሲካ ማግስት ግን ጥሬ ሥጋና የዶሮ አጥንት በየቤቱ የሚተርፍበት ቀን ስለ ሆነ፣ በዚያን ጊዜ ጥንቃቄው እጥፍ ይሁን። ሕዝቡ በጾም ዕንቁላል ከመብላት ሲከለከል ዶሮዋ መጣሏን አትተውም፤ በዚያ ወራት የሚረክሰው ዕንቁላል የጾም ግዴታ ለሌለባቸው ሕፃናት፣ ለነፍሰ ጡሮችና ለሕሙማን እንዲደርስ ማሰብ ምጽዋት ነው።

የቆሼ ክምር ሲናድ የሞቱት ሰዎች የከተማውን ጥራጊ ከከተማው ሰው ይልቅ የሚያውቁት ነበሩ፤ የሚጠቅመውን ከማይጠቅመው በእጃቸው እየለዩ ይኖሩ ነበርና። እነርሱ በክምሩ ላይ ሆነው በአደጋ መካከል ያደርጉት የነበረውን መለየት፣ ከተማው በወጥ ቤቱ ደጅ በሰላም ሊያደርገው ይችላል። ለዚህ የሚያስፈልገው ሁለተኛ በርሜል፣ የማይደባልቅ ጋሪ፣ የሚመረምር ባለሙያና የሚከታተል ሹም ነው። ፍርፋሪው በዐሥራ ሁለቱ መሶብ የገባው ገና ንጹሕ ሳለ ነበር፤ በአዲስ አበባም የሚሰበሰብበት ሰዓት ይኸው ነው።